ከጄሊፊሽ እስከ መድኃኒት ቤት፦ ዜናው የሚዘለው መንገድ

«በጥልቅ ባሕር ጄሊፊሽ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አዲሱ አንቲባዮቲክ ሊሆኑ ነው» የሚል ዓይነት ዜና ሳነብ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፣ ቀጥሎ እበሳጫለሁ። ሐሳቡ ስሕተት ሆኖ አይደለም። በጄሊፊሽ ገላ ዝልግልግ ላይ ለቦታና ለምግብ የሚሻሙ ባክቴሪያዎች ተፎካካሪያቸውን የሚገድል ኬሚካል ቢያመርቱ አይገርምም። ችግሩ ዜናው የሚቆምበት ቦታ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ፔትሪ ዲሽ ላይ ነው። ጀርም በተዘራበት ሳህን ላይ ከባክቴሪያው የወጣው ነገር ጠብ ሲል ዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ በቃ፣ «መድኃኒት ተገኘ!» ይባላል። በረኪናም እኮ ያንኑ ክብ ይሠራል። ዋናው ጥያቄ በሽተኛውን ሳይጎዳ ጀርሙን ይገድላል ወይ የሚለው ነው።

የተማርኩት ምሕንድስና ስለሆነ ሌላም እጠይቃለሁ፦ ስንት ኪሎ ማምረት ይቻላል? ትራቤክቴዲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት እንውሰድ። የተገኘው በካሪቢያን አካባቢ የማንግሮቭ ሥር ላይ ተጣብቃ ከምትኖር ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው፤ አምራቹ አብሯት የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ከ1 ቶን እንስሳ የሚወጣው 1 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ነገሩን ያዳነው፣ በማብላያ ጋን ውስጥ በደንብ ከሚራባ ሌላ ባክቴሪያ ተቀራራቢ ውህድ አምርቶ ቀሪውን በኬሚስትሪ መጨረስ ነው። የመጀመሪያው ፍንጭ በ1969 እ.ኤ.አ. ታየ፣ የአውሮፓ ፈቃድ በ2007 መጣ። የጥልቅ ባሕር ባክቴሪያ ደግሞ ይብሳል፦ 1,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ባሕሩ ወለል ላይ ካለው 100 እጥፍ ገደማ ነው። እዚያ የለመደ ፍጥረት ላብራቶሪ ውስጥ ላይበቅል፣ ቢበቅልም የምንፈልገውን ላያመርት ይችላል።

ይሄ ሁሉ ቢሳካስ? አኬዮጄን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕላዞሚሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በሰኔ 2018 አስፈቅዶ፣ በሚያዝያ 2019 ለኪሳራ ከለላ አመለከተ። አዲስ አንቲባዮቲክ ለክፉ ቀን ተብሎ ስለሚቆጠብ ብዙ አይሸጥም።

በዚያው በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ለዚህ ነው የምበሳጨው፤ «ተገኘ» ሲባል አንባቢው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። ጄሊፊሹን መፈለጉ ይቀጥል። ዘጋቢዎች ግን ሦስት ነገር ይንገሩን፦ በሰው ሴል ላይ ተሞክሯል? በብዛት ይመረታል? ወጪውን ማን ይሸፍናል? መልሱ «ገና ነው» ከሆነም «ገና ነው» ብሎ መጻፍ ነው።