ንዝረትን ከምንጩ

ዲስክና መረጃውን የሚያነበው ሄድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ከመታሸጋቸው በፊት የሚፈተሹበት ማሽን ስፒንስታንድ ይባላል። ዛሬ በዲስኩ አንድ ኢንች ውስጥ መረጃ የሚጻፍባቸው 500,000 ያህል ትራኮች ይደረደራሉ፤ ከአንዱ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 50 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሄዱ የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ ከሳተ ንባቡ መበላሸት ይጀምራል። ማሽኑ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ታዲያ ጥፋቱ የሚመዘገበው በሄዱ ነው፤ ደህናው ዕቃ ከነጤንነቱ ይጣላል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አዲስ የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ወለሉን ነው። ከባድ ግራናይትና በአየር የሚነፉ እግሮች ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን የአየር እግር ከ1 እስከ 2 ሄርዝ አካባቢ የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ እዚያ ላይ የመጣበትን ንዝረት ጭራሽ ያጎላዋል፣ የሚቀንሰው ከዚያ ከፍ ያለውን ብቻ ነው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ለሚነሳው ደግሞ መድኃኒት አይሆንም።

ዲስኩን የሚያዞረው ስፒንድል በደቂቃ 7,200 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ዲስኩ ከመሐሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከታሰረ በ120 ሄርዝ ይገፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደግነቱ በየዙሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ የሄዱን ቦታ የሚያስተካክለው ሰርቮ ተከታትሎ ያርመዋል። የሚያስቸግረው ከዙሩ ጋር የማይገጥመው ነው።

የንዝረቱን ምንጭ ለመለየት ንዝረት መለኪያውን አክሰለሮሜትር ሄዱን ከያዘው ክንድ አጠገብ ለጥፌ ፍጥነቱን ቀስ እያልኩ እቀያይራለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የንዝረት ጫፍ ከፍጥነቱ ጋር ከተጓዘ ነገሩ የስፒንድሉ ነው። ካለበት ካልተነቃነቀ የአካሉ ነው፤ ክንዱን፣ ማሰሪያውን፣ ብሎኑን አያለሁ። ስፒንድሉ ቆሞም ካልጠፋ ከውጭ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ቱቦዎቹንና ገመዶቹን በእጄ እዳስሳለሁ። ተወጥሮ የታሰረ የአየር ቱቦ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበትን እግር ዘሎ የፓምፑን ንዝረት ግራናይቱ ላይ ያወጣዋል። ቱቦውን አላልቶ በሰፊው ማዞር፣ መንገድ ላይም ከባድ ነገር ላይ ማሰር ነው። ብዙ ጊዜ ጫፉ ዓይን እያየ ይወርዳል።

ድምፅም አይናቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲስ ብሬንዳን ግሬግ ዲስኮች ላይ ሲጮህባቸው ምላሻቸው ሲዘገይ በቪዲዮ አሳይቷል። ንጹሕ ክፍል ውስጥ አየር የሚነፉት ማራገቢያዎችም ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ይጮሃሉ።

በየቦታው ጎማ መለጠፍን አልወድም። ንባቡን የሚያበላሸው በሄዱና በዲስኩ መካከል ያለው የአቀማመጥ ልዩነት ነው፤ ሁለቱ አብረው ከተወዛወዙ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ልስላሴው በጠረጴዛውና በወለሉ መካከል ይሁን፤ ሄዱን ከስፒንድሉ የሚያገናኘው አካል ግን አጭርና ድርቅ ያለ መሆን አለበት። ክንዱ በራሱ ድግግሞሽ የሚጮህ ከሆነ ብቻ ንዝረት የሚውጥ ስስ ንጣፍ ክንዱ ላይ እጨምራለሁ፤ ከዚያም ልኬቱን እንደገና ከመጀመሪያው።