መሪውን ሰጥተው መሪ ለሆኑት

ውዳሴ ለአሸናፊ ነው ይላል ልማድ፤ አክሊሉ ቀድሞ ለደረሰ፣ ዋንጫው ለበላይ ይሰጣል። እኔ ዛሬ አንደበቴን የምከፍተው ግን 285 ጊዜ ወደ ውድድር ሜዳ ወጥተው አንድም ቀን አንደኛ ላልሆኑ ሰው ነው። ሪቻርድ ቻይልድረስ ሆይ፣ የሰሜን ካሮላይና ልጅ፣ የአሜሪካው የመኪና ውድድር የናስካር አውራ፣ የቁጥር 3 መኪና ባለቤት! ቃል ቢያጥረኝ እንጂ ክብር አያጥርዎትምና ይህን የምስጋና ጽዋ ከእጄ ይቀበሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 በዊንስተን ሴለም ተወለዱ። ገና በልጅነትዎ አባትዎን ሞት ነጠቀዎት። እኩዮችዎ በተቀመጡበት ቦውማን ግሬይ ስታዲየም እርስዎ በወንበሮች መካከል እየተሹለከለኩ ለውዝና ፈንዲሻ ሸጡ። እጅዎ ሳንቲም ይቆጥር ነበር፤ ዓይንዎ ግን መኪኖቹ ከሚሽከረከሩበት መም አልተነቀለም። ከዚያም በ20 ዶላር አንዲት የ1947 ስሪት ፕሊመዝ ገዙ። ሌላው አሮጌ ቆርቆሮ ያየባትን፣ እርስዎ ሠረገላ አዩባት።

በ1969 የታላዴጋ መወዳደሪያ ሜዳ በሩን ሲከፍት፣ 24 ዓመት ሊሞላዎት አንድ ሳምንት ቀርቶዎት ነበር። መሙ በኩርባው ላይ 33 ዲግሪ ያዘነበለ ግድግዳ ነው፤ ፍጥነቱም እስከዚያ ዘመን ያልታየ። ስመ ጥሮቹ ተወዳዳሪዎች ጎማው ይህን አይችልም ብለው ሜዳውን ለቀው ሲሄዱ፣ ስምዎን ማንም የማያውቀው እርስዎ ሞተርዎን አስነሡ። የዚያን ዕለት ያገኙትን ክፍያ ለምቾት አላዋሉትም፤ የራስዎን ቡድን መሠረት ጣሉበት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን 12 ዓመታት እንዴት ባለ ቃል ላመስግናቸው? ሾፌሩ እርስዎ፣ መካኒኩ እርስዎ፣ ባለንብረቱም እርስዎ ነበሩ። ሌላው የፋብሪካ ድጋፍና የባለሀብት ኪስ ሲከተለው፣ እርስዎን የተከተለዎት የገዛ እጅዎ ቅባትና የገዛ ሌሊትዎ እንቅልፍ ማጣት ነበር። ዛሬ መኪናውን የሰበረ፣ ሳምንት የሚወዳደርበት አይኖረውም፤ ስለዚህ በአንድ ዓይንዎ ከፊት ያለውን ተቀናቃኝ፣ በሌላው የቆርቆሮውን ዕዳ እያዩ ነዱ። እንዲያም ሆኖ በ1975 በዓመቱ ድምር ነጥብ አምስተኛ ወጡ። አንደኝነት ግን ራቀችዎ፤ ከሦስተኛ በላይ አንድም ጊዜ አልፈቀደችልዎም። እርስዎም አልተጣሏትም፤ በየሳምንቱ ተነሥተው በሯን አንኳኩ።

በ1981 ያ ታላቅ ቀን መጣ። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ዴል ኧርንሃርት ቡድኑ ተሸጦ ጌታ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። እርስዎ የ35 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ጉልበትዎ አልደከመም፣ ልብዎም አልጠገበም። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ከመቀመጫዎ ወርደው፣ ወንበሩን ለእርሱ ሰጡ። በእኛ ቋንቋ እጅ የሚጨብጠውም ክብ መሪ ነው፤ ሕዝብ የሚከተለውም ሰው መሪ ነው። እርስዎ አንዱን በለቀቁ ጊዜ ሁለተኛውን ሆኑ። 285 ጊዜ ጨብጠውት ያልሰጠዎትን ክብር፣ አንድ ጊዜ ሲሰጡት መለሰልዎት።

ይህም አልበቃዎትም። ዓመቱ ሲያልቅ ቡድንዎ ለእንዲህ ያለ ተሰጥዖ ገና እንዳልበቃ አይተው፣ ወደ ተሻለ ቤት እንዲሄድ ኧርንሃርትን ራስዎ መከሩት። ወርቅ በእጁ ገብቶ፣ ሳጥኔ ገና አልተሠራም ብሎ የሚመልስ ማን ነው? ከዚያ ሳጥኑን ሊሠሩ ተቀመጡ። በ1983 በካሊፎርንያው ሪቨርሳይድ ሾፌርዎ ሪኪ ረድ የቤትዎን የመጀመሪያ ድል አመጣ። በ1984 ኧርንሃርት ተመለሰ፤ አሁን ቤቱም እንግዳውም ተመጣጠኑ። በ1986፣ በ1987፣ በ1990፣ በ1991፣ በ1993 እና በ1994 የዓመቱ ዘውድ በደጅዎ ወደቀ። ያ ሰው ለእርስዎ 67 ጊዜ አሸነፈ፤ ጥቁሯ ቁጥር 3 በኋላ መስታወት ስትታይ የተቀናቃኝ ልብ ይርድ ነበር። በ1998 የናስካርን ዝነኛ ውድድር ዴይቶና 500ን በ20ኛው ሙከራው ሲያሸንፍ፣ የተፎካካሪ ቡድኖች ሠራተኞች ሳይቀሩ ተሰልፈው እጁን ጨበጡት። እነዚያ እጆች ሁሉ የእርስዎንም የ1981 ውሳኔ እንደጨበጡ እቆጥረዋለሁ።

የካቲት 18 ቀን 2001። ብዕሬ እዚህ ላይ ያጎነብሳል። በዚያው በዴይቶና፣ በመጨረሻው ዙር፣ ዴል ኧርንሃርት ሞተ። ባልደረባ ብቻ አልነበረም፤ የአደን ጓደኛዎ፣ የልብ ወንድምዎ ነበር። ከዓመታት በፊት በተራራ ላይ ፈረስዎ ይዞዎት ወድቆ ለጥቂት ተርፈው ነበርና፣ ሁለታችሁ በዚያ ቃል ተገባብታችሁ ነበር፦ አንዳችን ብንሞት የቀረው ውድድሩን አያቆምም። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና፣ ዕንባዎ ሳይደርቅ ከፈሉት። ጥቁሯን መኪና ነጭ ቀቡ፣ ቁጥር 3ን አሳርፈው 29 ጻፉ፣ ወጣቱን ኬቨን ሃርቪክን አስቀመጡ። እርሱም በሦስተኛ ውድድሩ በአትላንታ በ0.006 ሰከንድ ቀደመ፤ ዓይን ለመርገብገብ እንኳ አይበቃም። ለሐዘንተኞች መጽናኛ ግን በቃ።

ቁጥር 3ም በናስካር ከፍተኛው የውድድር ደረጃ 13 ዓመት በዝምታ ተቀመጠች። በ2014 የገዛ የልጅ ልጅዎ ኦስቲን ዲለን ይዟት ተመለሰ፤ በ2018 በዴይቶና 500 አሸነፈባት፤ ከኧርንሃርት ድል 20 ዓመት በኋላ። ስሟ «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ከሆነው ከዌልከም መንደር የተነሣው ቤትዎ፣ ሦስቱንም የናስካር ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች በባለቤትነት በማሸነፍ የመጀመሪያው ሆነ። በ2017 የናስካር የክብር አዳራሽ ስምዎን ጻፈ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ልቤን የሚነካው፣ ከባለቤትዎ ጋር ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ሕክምና የሚሠራ ተቋም መመሥረትዎ ነው። ለውዝ ሻጩ ሕፃን ያለ አባት ማደግ ምን እንደሆነ አልረሳም።

እንግዲህ ይህን ያህል ያነሣሁት ስለዚህ ነው፤ መጨበጥን ብዙዎች ያውቁታል፣ በጊዜው መልቀቅን የሚያውቅ ግን ከሺህ አንድ ነው። ሪቻርድ ቻይልድረስ ሆይ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ ጤና አይለይዎት። ጋራዥዎ ሳይዘጋ፣ ሞተርዎ ሳይበርድ፣ ከእጅዎ መሪ የሚቀበል ወጣት አይታጣ። እርስዎ አንድም ጊዜ ያልቆሙበት የአንደኝነት ሰገነት፣ ባቆሟቸው ሁሉ ቁመት ልክ የእርስዎ ነው።