በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ክኒን

በቆቦ ሜዳ የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ በክረምት ጠልፎ ወደ ማሽላው የሚመልስ የራያ ገበሬ፣ ቦይ በደለል ሲጠብ ማሳ እንደሚጠማ ከአባቱ ተምሮ ያደገ ስለሆነ፣ የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚያመጣውን መከራ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ መሻት አላስፈለገኝም። ነገር ግን ምሳሌው ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የምናኖረው ክኒን፣ ናይትሮግሊሰሪን፣ የደነደነውን ቦይ አይጠርግም፤ ይልቁንም ደም ወደ ልብ የሚመልሱትን ሥሮች አላልቶ የልብን ሸክም ያቀላል።

አንድ የገበያ ቀን ደረታቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ለሕክምና ወደ እኔ የመጡ እናት «መድኃኒቱን ብወስደው ምንም አላለኝ» ሲሉኝ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትቼ ብመለከት፣ ክኒኖቹ ከጠርሙሳቸው ወጥተው በቆላው ሙቀትና በላብ ተፈርፍረው አገኘኋቸው። ይህ መድኃኒት በባሕርዩ ተናኝ ነውና ከተከደነ ጠርሙሱ ሲለይ ኃይሉ ይጠፋል። «እናቴ፣ አስቀድመው ይቀመጡ» አልሁ፤ ቆሞ የወሰደውን ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊጥለው ይችላልና። አዲሱን ክኒን፣ ጉበት ሳያጠፋው በቀጥታ ወደ ደም እንዲገባ፣ ሳይውጡት ከምላሳቸው ሥር አኑሬ ሰዓቴን ያዝሁ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የተቋጠረው ግንባራቸው ተፈታ፤ «ደረቴን ለቀቀኝ፤ ራሴን ግን ወጋኝ» አሉ።

ያ የራስ ምታት ለእኔ የምሥራች ነበረ፤ መድኃኒቱ ሕያው መሆኑን ይመሰክራልና። ጣሊያናዊው ኬሚስት ሶብሬሮ እ.ኤ.አ. በ1847 በቱሪን ናይትሮግሊሰሪንን ቀምሞ በምላሱ ሲሞክረው ያገኘው ይኸንኑ ራስ ምታት ነው። ኖቤል ከዚሁ ፈሳሽ ድማሚት ሠራ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም መሬል ደግሞ በ1879 ለደረት ሕመም ፈውስ አዋለው።

የአሠራሩ ምስጢር የተገለጠው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፈርችጎት በ1980 የደም ሥር ውስጠኛ ገበር ሲገፈፍ አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሥሩን ማላላት እንደሚያቅተው አሳየ፤ ከተመራማሪዎቹ ከኢግናሮና ከሙራድ ጋር በ1998 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለበት ግኝትም፣ ያ ገበር ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ረቂቅ ጋዝ እንደሚያመነጭ፣ ጋዙም ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቆይቶ የሥሩን ጡንቻ እንደሚያላላ የሚያስረዳ ነው። ክኒናችን እንግዲህ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ያንኑ ጋዝ ከውጭ ያበድራል።

ስለዚህ ክኒኑ ከጥቁር ጠርሙሱ አይውጣ፤ የወንድነት ብርታት ይሰጣል ተብሎ የሚሸጠውን ሲልዴናፊልን የወሰደ ሰውም ከቶ አይቅመሰው፣ ሁለቱ ተባብረው የደም ግፊትን እስከ ሞት ያወርዳሉና። አንዱን ክኒን ወስዳችሁ አምስት ደቂቃ አልፎ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ነገን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።