ከሐዲዱ በኋላ የመጣ ክርክር

የአንድ ከተማ ሐዲድ በየት በኩል ይለፍ የሚለው ጉዳይ የመሐንዲሶች ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እኔም ወደዚህ ኮሌጅ ከመምጣቴ በፊት ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ምክንያት በማድረግ በጋዜጣ፣ በራዲዮና በየሻይ ቤቱ የተደረገውን ክርክር መለስ ብዬ ስመረምር ግን፣ ያን ያህል ቃል የፈሰሰበት ክርክር ዋናውን ጥያቄ ሳይነካ ማለፉን ተረዳሁ። የዚህም ጽሑፍ አሳብ ባቡሩን ማመስገን ወይም መንቀፍ አይደለም፤ የምነቅፈው የተከራከርንበትን መንገድ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን በዘመን ቅደም ተከተሉ ማስታወስ ይገባል። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ለከተማው ባቡር ከአንድ የቻይና ሥራ ተቋራጭ ጋራ ውል የተፈረመው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ከመቶ 85 እጁ ከቻይና መንግሥት ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መሥመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ተከተለው። የሁለቱ ርዝመት አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጣቢያዎቹ 39፣ የመጡትም ባቡሮች 41 ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ መሥመሩ እጅግ የጋለው ክርክር የተነሣው በ2005 ዓ.ም. ነው። ውሉ ከተፈረመ ሦስት ዓመት፣ ግንባታው ከተጀመረ አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ያስነሣውም የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጉዳይ ነበር። ባቡሩ በዚያ ስፍራ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ስለሚያልፍ ሐውልቱ ለጊዜው ተነሥቶ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል ተባለ። የምኒልክም ሐውልት ይነሣል የሚል ወሬ ተጨመረበት፤ ይህ ግን አልሆነም። በ1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት የወደቁት ጳጳስ ሐውልት ከቆመበት ሲነቀል ማየት ብዙውን ሰው አሳዝኗል። ይህን ሐዘን የምንቅ አይደለሁም። ሐውልቱም በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል፤ ለመመለሱም ሕዝቡ ነገሩን ሳይረሳ መጠባበቁ ድርሻ እንደ ነበረው አምናለሁ። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ሙግት የተመለከተው ጥቂት ሜትር መሬት ነው። ስለ ቀረው መሥመር የተናገረ ሰው ምን ያህል ነው?

በአንድ ወገን የቆሙት «ከሰሐራ በታች የመጀመሪያው» በሚለው ቃል ተመኩ። ይህ ቃል ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ጥሩ ነው፤ ሳሪስ ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ብድሩንና ተቋራጩን ብቻ እያነሡ ወቀሱ። ሁለቱም ወገኖች መሥመሩን እንደ አዋሽ ወንዝ ከጥንት ጀምሮ በዚያ ሲፈስ እንደ ኖረ ነገር አድርገው ተቀበሉት።

በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘወትር ዓርብ ማታ የክርክር ማኅበር ነበረን። መምህሩ «ከእርሻና ከንግድ የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ርእሱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ግማሾቻችን በዚህ፣ ግማሾቻችን በዚያ ተሰልፈን እንሟገታለን፤ ብዙ የተጨበጨበለት ያሸንፋል። ርእሱን ማን እንደ መረጠው፣ ስለ ምንስ ይህ ተመርጦ ሌላው እንደ ቀረ የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም። የባቡሩ ክርክር ያንኑ ዓርብ ማታ ያስታውሰኛል።

መሥመር መምረጥ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ለማወቅ ከአገራችን ታሪክ መራቅ አያስፈልግም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ደጋ ላይ ወዳለችው ወደ ሐረር ሳይወጣ በቆላው በኩል አለፈ፤ ምክንያቱም ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብና ድካም የሚጠይቅ ስለ ነበረ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ለብዙ ዘመን የንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ግን ከሐዲዱ ውጭ ቀረች። በካርታ ላይ የተሳበ አንድ መሥመር አንዲቱን ከተማ አስነሥቶ የሌላይቱን ገበያ አቀዘቀዘ ማለት ነው። ያው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስም ለአንድ ሰፈር ስም እስከ መስጠት ደርሷል፤ ለገሃር የምንለው ቃል የፈረንሳዮች «ጣቢያው» ማለት ነውና።

አሁን ወደ ከተማው ባቡር ልመለስ። መሥመሩ በአብዛኛው የተዘረጋው በዋና ዋና መንገዶች መካከል ነው። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። መንገዱ ቀድሞውኑ የመንግሥት ስለሆነ የሚፈርሰው ቤት ያንሳል፤ የሚከፈለውም ካሣ እንዲሁ፤ ሥራውም ይፋጠናል። መላውን መሥመር በድልድይ ላይ ማሳለፍ ወይም በመሬት ውስጥ መቅበር ወጪውን እጅግ ያበዛዋል። ሲጀመርም የጉዞው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበረና ለድኻው ሰው ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ነገር ግን በምድር ላይ የሚሄድ፣ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ የሚችል ባቡር በአጥር መከለል አለበት። አጥሩም ሰውን ከባቡር ሲጠብቅ ሰፈርን ከሰፈር ይለያል። ቀድሞ በሁለት ደቂቃ ተሻግሮ ሽንኩርቱን ገዝቶ ይመለስ የነበረ ሰው፣ አሁን እስከ መሻገሪያው ድረስ ሄዶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ያንኑ ያህል መንገድ በማዶ ተመልሶ ነው የሚደርሰው። ባለ መኪናውም ለመዞር ሩቅ ይነዳል፤ እሱ ግን የሚያጠፋው ቤንዚን ነው። እግረኛው የሚያጠፋው ጉልበቱን ነው። ሸክም የያዘ ወጣት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ወገቡን የያዘው ሽማግሌ በአጥሩ ፊት ቆሞ የቱ ጋ ልሂድ እያለ ሲያስብ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዳንዶችም ደረጃውን ትተው በሐዲዱ ላይ ይሻገራሉ። ይህን ሲያዩ «ሕዝባችን ገና አልሠለጠነም» የሚሉ አሉ፤ እንዲህ የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና ውስጥ ሆነው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው በአደገኛ ቦታ ለመሻገር የሚደፍረው ባለማወቅ አይደለም፤ መሻገሪያው ስለ ራቀበት ነው።

ስለዚህ ያን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ መጻፍ የነበረበት ርእስ «ባቡር ይሠራ ወይስ አይሠራ?» የሚል አልነበረም። የከተማችን ሕዝብ እጅግ ብዙው በእግሩ ሄያጅ ነው፤ ይህ ሰው በስንት በስንት ሜትር ርቀት ይሻገር? አጥሩ በሚያልፍበት ሰፈር ገበያው በየትኛው ወገን ነው? ትምህርት ቤቱስ፣ ቤተ ክርስቲያኑስ፣ መስጊዱስ? ይህን ለመመለስ ስለ ሐዲድ ማወቅ አያሻም። የጨርቆስ ጉልት ነጋዴ፣ የአውቶቡስ ተራ ተሸካሚ፣ የልደታ ተማሪ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በአደባባዩ ክርክር ውስጥ ግን የእነዚህን ሰዎች ድምፅ ፈልጌ አላገኘሁም። ሐውልት ተሟጋች አገኘ፤ መሻገሪያ አላገኘም።

ሌላም ከቶ ያልተነካ ነገር አለ። ሁለቱ መሥመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ይህ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ለሚቀይረውም ተሳፋሪ ይመቻል። ሆኖም ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ያስላው። ለምሳሌ በእያንዳንዱ መሥመር በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢላክ፣ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ያልፋል። በየ3 ደቂቃው እንላክ ቢባል ደግሞ በጋራው ላይ በየአንድ ደቂቃ ተኩል ማለፍ ይኖርበታል። እንግዲህ ተሳፋሪ ሲበዛ ወደ ቃሊቲ የሚላከውን ባቡር ቁጥር የሚወስነው ሜክሲኮ ላይ ያለው ጥበት ይሆናል። ደግሞም ሜክሲኮ ላይ አንድ ባቡር ቢበላሽ የአያቱም የቃሊቲውም ተሳፋሪ አብሮ ይቆማል። ይህ ከመሥመር ምርጫ የመጣ እንጂ ከአነዳድ የመጣ ችግር አይደለም። እኛ ግን በመዘግየቱ ስንማረር የምንቆጣው በነጂውና በትኬት ሻጯ ላይ ነው። በእርግጥ ውሎ አድሮ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጦት በመቆማቸው ይህ ጥበት ጎልቶ ለመታየት ጊዜ አላገኘም፤ አንዱ ጉድለት ሌላውን ሸፈነው እንበል።

የመኖሪያ ሰፈሮቹን ነገር በአጭሩ ልንካው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአያት፣ በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ተሠሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሐዲድ የደረሰው አያት ብቻ ነው። ሕዝቡ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር ሲሄድ አውቶቡስ መሥመሩን ቀይሮ ሊከተለው ይችላል፤ ሐዲድ አይችልም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው ተነሥቶ ሄደ፤ የምኒልክ አደባባይ ጣቢያ ግን እዚያው ቀረ።

ይህን ጽሑፍ በረቂቁ ያነበቡ ጓደኞቼ «እንዳንተ አሳብ ሁሉም ሰው ይጠየቅ ቢባል ኖሮ ባቡሩ እስከ ዛሬም ባልተሠራ ነበር» አሉኝ። የኤዲንብራንም ምሳሌ የጠቀሰልኝ አለ። በዚያች የስኮትላንድ ከተማ የመሥመሩ ነገር ሕግ ወጥቶለት፣ በጋዜጣ ተሟግተውበት፣ በፈረንጆች ዘመን አቆጣጠር በ2007 በስኮትላንድ ምክር ቤት ድምፅ ተሰጥቶበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥራው ከመንገድ በታች በተቀበሩት ቧንቧዎችና ሽቦዎች ተሰናክሎ፣ ከተቋራጮቹ ጋራ ጠብ ተነሥቶ፣ በ2014 ሲከፈት ወጪው 776 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ቀድሞ በ545 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይደርሳል የተባለው መሥመርም መሐል ከተማ ላይ ቆመ፤ ወደ ኒውሄቨን የደረሰው በ2023 ነው። የእኛው በጥቂት ዓመታት ማለቁን ከዚህ ጋራ ሲያስተያዩት ጓደኞቼ እውነት አላቸው።

ይህ ምሳሌ እንደሚያስቸግረኝ አልደብቅም። ረጅም ክርክር በራሱ መልካም መሥመር አያስገኝም፤ ኤዲንብራዎችም ስለ ብዙ ነገር ሲሟገቱ ከመሬት በታች ያለውን በቅጡ ሳያውቁ ጀምረዋል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ሥራው ሲበላሽ አንድ የሕግ ሊቅ የሚመራው የምርመራ ጉባኤ ተሰይሞ፣ እጅግ ቢዘገይም፣ በ2023 ማንም ሊያነበው የሚችል ዘገባ አወጣ። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ስብሰባ፣ ምን ዓይነት አሳብ ተጥሎ ምን እንደ ተመረጠ ተጽፎበታል። ስለ እኛው መሥመር ማንበብ የምመኘው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሳሪስ ላይ ሐዲዱ ለምን በድልድይ እንዳላለፈ፣ ጀሞ ለምን እንደ ቀረ፣ የጋራው ሐዲድ ሲታሰብ ማን ምን ሒሳብ እንዳቀረበ።

እስከዚያው ድረስ ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ከጂኦግራፊ ክፍል ሁለት ጓደኞች ጋራ ከስታዲየም እስከ ሳሪስ በእግር ሄደን፣ በአንዱ መሻገሪያና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለመለካት፣ ሸክም የያዘ ሰውም ለመሻገር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ለመመዝገብ አስበናል። ውጤቱን ለዚሁ መጽሔት እናቀርባለን። ረጅም የመለኪያ ሜትር ያለው ጓደኛ ቢኖር አብሮን ቢመጣ ደስ ይለናል፤ እኛ ያለን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።