ከሱቅ ያልተገዛ የእንቁጣጣሽ ስጦታ

መስከረም 1 ማለዳ ወንዶች ልጆች በየቤቱ እየዞሩ የሚያድሉት ስጦታ ማሸጊያም ሪባንም የለውም። በነጭ ወረቀት ላይ በገዛ እጃቸው የሳሉትና ቀለም የቀቡት አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ ነው። ተቀባዩም መርቆ ብር ይሸልማቸዋል።

እንዴት ያለ ውብ ልማድ ነው!

የቤቱ ጌጥም ከዚሁ ወገን ነው። ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ጠረኑ ከዕጣኑና ከቡናው ጋር ቤቱን ያውደዋል። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» ሲሉ የሚይዙት አደይ አበባ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በደጋው መስክ ማንም ሳይዘራው የሚፈነዳ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ቄጠማውም አበባውም ተጠርጎ በጓሮ ይበሰብሳል፤ አፈር ያዳብራል።

በየገበያው የፕላስቲክ አበባ ቢበዛም የቄጠማ እስር ይዘው የሚቀመጡ ሴቶች ዛሬም አሉ። የዘንድሮው የበዓል ሸመታ ከእነሱ ቢጀመር ይበጃል።