ሃርድ ዲስክ ሲጠየቅ፦ አራት መልስ ወይስ አንድ?

መብራት ሄዶ ሲመጣ 12:00 እያለ የሚያብለጨልጭ ሰዓት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዓቱ አልተበላሸም፤ የሞላችሁለትን ረስቶ ወደ መነሻው ተመልሶ ነው። ቢያንስ መርሳቱን ይናገራል። ሃርድ ዲስክም አንዳንድ ነገር ይረሳል፤ እሱ ግን አያብለጨልጭም። የዛሬው ትችቴ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ሃርድ ዲስክ ዝም ብሎ ፋይል የሚቀመጥበት ሳጥን አይደለም። በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፦ ፈርምዌር የሚባል የራሱ ሶፍትዌር፣ የራሱ ሚሞሪ፣ የራሱ ሴቲንጎች አሉት። ስንት ደቂቃ ሥራ ከፈታ በኋላ መሽከርከር ያቁም? ማንበብ ያቃተውን ቦታ ለምን ያህል ጊዜ ደጋግሞ ይሞክር? በብዙ ዲስኮች ላይ እነዚህን መቀየር ይቻላል። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ነገር የሚያስቀምጠው እናንተ ፋይል በማታስገቡበት፣ ለራሱ በከለለው የሳህኑ ክፍል ወይም ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነው። ሳህን የምለው ዳታው የሚጻፍበትን የሚሽከረከር ክብ ነው።

ከሴቲንጎቹ መካከል እኔን የሚያሳስበኝ ራይት ካሽ ነው። ሲበራ ዲስኩ የላካችሁለትን ዳታ በፈጣኑ ሚሞሪ ይቀበልና ገና ሳህኑ ላይ ሳይጽፈው «ጨርሻለሁ» ይላል። ፍጥነቱ ደስ ይላል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ ግን «ጨርሻለሁ» ያለው ነገር የትም የለም።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለጥናቴ የሙቀት ሴንሰሮችን ንባብ በየሰከንዱ የሚመዘግብ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ። መብራት እንደሚሄድ ስለማውቅ ራይት ካሹን አጠፋሁት። ዲስኩን ብጠይቀው «ጠፍቷል» አለኝ፤ ተረጋግቼ ሄድኩ። በዚያው ሰሞን መብራት ሁለቴ ሄደ። በመጀመሪያው ምንም አልሆነም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩ ካሹን መልሶ አብርቶት ነበር። በሁለተኛው የዳታቤዙ ማውጫ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ቀረና የ11 ቀን ንባብ አልከፈት አለ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ባክአፕ አልያዝኩም፤ ፕሮግራሜም «ካሽ ውስጥ ያለውን አሁኑኑ ሳህኑ ላይ ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ አይልክም ነበር። ዲስኩ ደግሞ አልዋሸኝም፤ የጠየቅኩትን መለሰ። ጎደሎው ጥያቄው ራሱ ነው። ጥያቄውን የሚወስነው ዲስክና ኮምፒውተር የሚግባቡበት ቋንቋ ነው፤ ሁለቱን ዋና ዋና ቋንቋዎች እናነጻጽር።

አንደኛው ኤቲኤ ነው፤ በቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ ያሉት የሳታ ዲስኮች የሚናገሩት። «ማንነትህን ግለጽ» ሲባል ዲስኩ 512 ባይት የሆነ ቅጽ ሞልቶ ይመልሳል። ቅጹ 256 ሳጥኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 16 ቢት ይይዛል። ሳጥን 82 ላይ አንዲት ቢት «ራይት ካሽ አለኝ» ትላለች፤ ሳጥን 85 ላይ ያለችው አቻዋ «አሁን በርቷል» ትላለች። «መብራት ሄዶ ሲመጣስ?» ብትሉ ግን እነዚህ ሳጥኖች መልስ የላቸውም።

ሁለተኛው በ1986 የአሜሪካ ስታንዳርድ የሆነው ስካዚ ነው። ዛሬም ሰርቨር ውስጥ ያሉ ሳስ የሚባሉ ዲስኮች ይናገሩታል። ሴቲንጎቹን «ሞድ ፔጅ» በሚባሉ ገጾች ይከፋፍላቸዋል፤ የካሽ ገጽ ቁጥር 8 ነው። አንድን ገጽ በአራት መንገድ መጠየቅ ትችላላችሁ፦ አሁን ምን ላይ ነህ? የቱን መቀየር ይፈቀዳል? ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ነበርክ? ሴቭ የተደረገውስ ምንድን ነው? ሁለተኛው መልስ በጣም ነው የሚያስደስተኝ፦ ዲስኩ ያንኑ ገጽ ይልክና መቀየር በሚቻልበት ቦታ 1፣ በማይቻልበት 0 ይሞላል። ኤስዲፓርም የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም አራቱንም መልሶች አንድ መስመር ላይ ደርድሮ ያሳያችኋል።

በእኔ ሚዛን ስካዚ ይበልጣል። ምክንያቱም «አሁን» እና «ከተነሳሁ በኋላ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አውቋል። የእኔ ዲስክ አራት መልስ ቢሰጠኝ ኖሮ «አሁን ጠፍቷል፣ ሴቭ የተደረገው ግን በርቷል» የሚለውን አይቼ እነቃ ነበር።

ፍርዱ ሚዛናዊ ይሁን። ኤቲኤ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ዲስክ በየቤቱ እንዲገባ ረድቷል። በኋላም ኤስሲቲ የሚባል ተጨማሪ መጥቶ «ይህን ሴቲንግ መብራት ቢሄድም ያዝልኝ» ማለት ተችሏል፤ ግን ግዴታ ስላልሆነ ሁሉም ዲስክ የለውም። ስካዚም ጻድቅ አይደለም፤ ሴቭ ማድረግን ዲስኩ ላይፈቅድ ይችላል። በዩኤስቢ የምትሰኩት ዲስክ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ስካዚ እያወራ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሳታ ነው። መሃል ላይ አስተርጓሚ ቺፕ አለ፤ አንዳንዱ አስተርጓሚ ጥያቄያችሁን በትክክል አያደርስም።

እና ምን ይሻላል? ሴቲንግ ስትቀይሩ ወዲያው ጠይቃችሁ አትመኑ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ መልሳችሁ አብሩና ያኔ ጠይቁ። እኔ አሁን ካሹን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። እናንተም ኤችዲፓርም ወይም ኤስዲፓርም ጭናችሁ የራሳችሁን ዲስክ ጠይቁት፤ ማንበብ ብቻ ጉዳት የለውም። መቀየር ግን ሌላ ነው፤ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ሳታስፈቅዱ እንዳትነኩ። ነገ የራሳችሁን መሣሪያ ስትሠሩም እነዚያን አራት ጥያቄዎች አስታውሱ፤ መሣሪያችሁ አራቱንም መመለስ ካልቻለ፣ ቢያንስ እንደዚያ ሰዓት ያብለጭልጭ።