የአንድ ሜትር ጣሪያ

በጃፓን ትልልቅ ከተሞች የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሄዳል። ያመለጠውን ሰው የታክሲ ሒሳብ ኪሱን ያራቁተዋል።

አርክቴክቱ ኪሾ ኩሮካዋ የመጀመሪያውን የካፕሱል ሆቴል የነደፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነበር፤ ሆቴሉ በ1979 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ውስጥ ተከፈተ። መኝታው ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል፣ ወርዱና ከፍታው 1 ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል። ጫማ መግቢያው ላይ ይወልቃል፤ ዕቃ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። መብራት፣ የማንቂያ ደወልና ንጹሕ አንሶላ አለ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? በር ምናልባት! በመጋረጃ ብቻ ስለሚዘጋ የጎረቤት ማንኮራፋት አይቀርም።

እውነተኛው ድሎት ከመኝታው ውጭ ነው፤ ብዙዎቹ የካፕሱል ሆቴሎች ሰፊ የጋራ ሙቅ መታጠቢያ አላቸው። ለዓመታት በአብዛኛው የወንዶች ማደሪያ ቢሆኑም፣ ዛሬ ለሴቶች የተለየ ፎቅ ያላቸው በርክተዋል። ቶኪዮን በትንሽ ገንዘብ ሊያይ የመጣ እንግዳም ካመሸው የቢሮ ሠራተኛ ጎን ያድራል።